መፀውን ከትንንሽ ልጆች ጋር መማር፦ አደይ ሳይረግፍ፣ ነዶው ሳይወቃ

ከኢንተርኔት ወርደው በየክፍሉ ግድግዳ የሚለጠፉት የመፀው ሥዕሎች የሚረግፍ ብርቱካናማ ቅጠል፣ ትልቅ ዱባና ሻርፕ የጠመጠመ ልጅ ያሳያሉ። ለተሠሩበት አገር ልክ ናቸው። አዲስ አበባ፣ ደብረ ብርሃን ወይም ደብረ ማርቆስ ያለ የሰባት ዓመት ልጅ ግን በዚያው ሰሞን በመስኮት ሲመለከት የሚያገኘው ቢጫ የለበሰ ሜዳ፣ የጠራ ሰማይ፣ ማለዳ ላይ ጤዛ ያዘለ ሣር፣ ከአረንጓዴ ወደ ወርቃማ የሚዞር ገብስ ነው። ያላየውን ቅጠል ብርቱካናማ ሲቀባ ከርሞ፣ ደጁ ላይ ያለው ሳይታይ ወቅቱ ያልፍበታል።

ከዚህ በታች ያሉት አንደኛና ሁለተኛ ክፍል ስናስተምር የምንሠራባቸው ናቸው። ሁሉም በ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ፣ ከ50 እስከ 60 ልጅ በሚማርበት ክፍል፣ ያለ ቤተ ሙከራ ይሠራሉ።

መፀው በአቆጣጠራችን ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ነው፤ ጥቢም ይባላል። ለሚያቅድ መምህር ዋናው ነገር በወቅቱ ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ነገር የራሱ ሳምንት ያለው መሆኑ ነው። አደይ ጥቅምት ሲጋመስ ይጠፋል። ጤዛው የሚበረታው ሰማዩ ሲጠራ ነው። የጤፍና የስንዴ ነዶ የሚገኘው ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ነው። የአካባቢ ሳይንስ መጽሐፉ ስለ ዕፀዋት የሚያወሳው ምዕራፍ ሁለተኛው ሴሚስተር ላይ ቢወድቅ፣ እዚያ ሲደረስ ውጭው ደርቆ ይቆያል። ስለዚህ የምዕራፉን ተራ ለወቅቱ ብታስገዙት ይሻላል፤ ርእሰ መምህሩን በመስከረም መጀመሪያ አስፈቅዶ በዕቅዱ ላይ ማስፈር ነው።

አደይ

ከመስቀል ማግስት ባለው ሳምንት ሁለት ክፍለ ጊዜ ያዙለት። ለስድስት ልጆች ቡድን ሦስት ዘለላ ይበቃል፤ ለ54 ልጅ 27 ማለት ነው። ከሥሩ አይነቀልም፤ ቅጠሉ ስለሚያስፈልግ ከነቅጠሉ አንድ ስንዝር ያህል በመቀስ ይቆረጣል። ጤዛው ከረገፈ በኋላ፣ ሦስት ሰዓት ገደማ ቆርጦ ውሃ ባለበት ጠርሙስ ማቆም ነው። ያለ ውሃ ከቆየ ፈጥኖ ይጠወልግና ልጆቹ ሲነኩት ቢጫው የአበባ ቅጠል ይረግፋል፤ ቆጠራውም ይበላሻል።

ስለ አበባው አንድም ቃል ሳይነገር በፊት ልጆቹ ለአምስት ደቂቃ ይሣሉት። አብዛኞቹ አበባውን ሳያዩ ከልምድ የሚያውቁትን አበባ ይሥላሉ፦ አንድ ክብ፣ ዙሪያውን አምስት ቅጠል። ሥዕሉን አታርሙ፤ አስቀምጡት። ከዚያ እያንዳንዱ ቡድን የሦስቱን አበቦች ቢጫ ቅጠሎች ይቁጠር። ቁጥሩ ከአበባ አበባ ይለያያል፤ መምህር ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «ትክክለኛው» ቁጥር የቱ እንደሆነ ቀድሞ ይናገርና ልጆቹ ያዩትን ትተው እሱን ይጽፋሉ። ቁጥሩ ለምን ተለያየ? አንዳንዱ ከመጀመሪያው የተለያየ ነው፤ አንዳንዱ ረግፎበት ነው። የረገፈበትን ለመለየት በሁለቱ ቅጠሎች መካከል ሰፋ ያለ ባዶ ቦታ አለ ወይ ብሎ መፈለግ ነው። ልጆች ይህን አንዴ ካዩ በኋላ ራሳቸው ይከራከሩበታል።

ቆጠራውን ወደ ግራፍ መለወጥ ቀላል ነው። ሰሌዳው ሥር ባለው ወለል ላይ ቁጥሮቹን በጠመኔ ጻፉ፤ እያንዳንዱ ቡድን ለእያንዳንዱ አበባ አንድ ባዶ የክብሪት ቀፎ በቁጥሩ ላይ ይደርድር። ረጅሙ ዓምድ የቱ ነው? ከአጭሩ በስንት ይበልጣል? ለአንደኛ ክፍል ልጅ «በስንት ይበልጣል» የሚለው ጥያቄ በወረቀት ላይ ከባድ ነው፤ በቀፎ ግን ትርፉን በእጁ ይቆጥረዋል።

በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ አበባውን ይበትኑት። መካከሉ ላይ ያለው ክብ በጥፍር ሲከፈት ብዙ ደቃቅ ቱቦዎች ይወጡታል፤ እያንዳንዱ ራሱን የቻለ አበባ ነው። አንድ አደይ የምንለው ብዙ አበባ ተሰብስቦ ነው ማለት ነው። አጉሊ መነጽር ከሌለ ውስጡን የሚያሳይ ላስቲክ ላይ አንድ ጠብታ ውሃ አድርጉና ከአበባው በላይ ከፍ ዝቅ አድርጋችሁ ያዙት፤ አጉልቶ ያሳያል። ከዚህ በኋላ ልጆቹ እንደገና ይሣሉና ሁለቱን ሥዕሎች ጎን ለጎን ይለጥፉ። ከዚህ የተሻለ የምዘና ወረቀት አናውቅም።

መች የሚባለው አረምና ኑግም በዚሁ ሰሞን ቢጫ ያብባሉ፤ ከልጆቹ አንዱ አደይ ነው ብሎ ይዞ መምጣቱ አይቀርም። መለያው ቅጠሉ ነው፦ የአደይ ቅጠል የተሰነጣጠቀ ነው፤ የኑግና የመች ቅጠል ግን ያልተከፈለ፣ እንደ ጦር ጫፍ ሾጠጥ ያለና ግንዱን አቅፎ የሚበቅል ነው። ኑግ የያዘውን ልጅ «ተሳስተሃል» ከማለት ሁለቱን አስይዞ ልዩነቱን እንዲናገር ማድረግ ይሻላል፤ የምግብ ዘይት የሚጨመቅበት ተክል መሆኑም እዚያው ይነሣል።

አበባውን ማድረቅ ለሚፈልግ፦ በጋዜጣ መካከል ዘርግቶ አራት አምስት ወፍራም መጽሐፍ መጫን ነው። መስከረም ላይ አየሩ ገና እርጥብ ስለሆነ ጋዜጣው የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት በየቀኑ ካልተቀየረ አበባው ይሻግታል። በሳምንት ይደርቃል። መካከሉ ወፍራም ስለሆነ ዙሪያው ደርቆ እሱ እርጥብ ሊሆን ይችላልና በጣት ጫን ብሎ ማየት ያስፈልጋል።

50 ልጅ ይዞ ስለ መውጣት

ሜዳ ላይ የተለቀቀ ክፍል መልሶ ለመሰብሰብ ግማሽ ክፍለ ጊዜ ይፈጃል። መፍትሔው ሲባጎ ነው። ለእያንዳንዱ ቡድን 3 ሜትር ሲባጎ ጫፍና ጫፉ ታስሮ ይሰጣል፤ ሣሩ ላይ ክብ ሲዘረጋ አንድ ሜትር ገደማ ስፋት ይኖረዋል፤ ስድስት ልጅ ዙሪያውን ይንበረከካል። የእነሱ ዓለም ያ ክብ ብቻ ነው። ስንት ዓይነት ቅጠል አለ? የሚንቀሳቀስ ነገር አለ? አፈሩ እርጥብ ነው ደረቅ? አሥር ደቂቃ ይበቃል። ያንኑ ቦታ በኅዳር እንደገና ለማግኘት አራት ድንጋይ ተክሉበት፤ ሣሩ ደርቆ፣ ዘር አፍርቶ፣ ትሉ ጠፍቶ ሲያዩ ለውጡን ያስተውላሉ።

ከመውጣታችሁ በፊት አጥሩን ዙሩ። በዚህ ሰሞን ነጭ መለከት የመሰለ አበባና እሾሃማ ፍሬ ያለው አስተናግር በየጥጋጥጉ ይበቅላል፤ ዘሩ መርዝ ነው። ጉሎም ፍሬው ስለሚያምር ልጆች ይለቅሙታል፤ መርዛማ ነው። አጥሩ ቅንጭብ ወይም ቁልቋል ከሆነ ነጩ ወተት ዓይን ውስጥ እንዳይገባ «ቅርንጫፍ አይቀጠፍም» የሚለው ሕግ ከመውጣታቸው በፊት ይነገር። ሳማ ካለ ይቆረጥ። ንብ ያለበት የአበባ ጥግ ላይ ቡድን አታስቀምጡ። ሲመለሱ እጅ መታጠብ ግዴታ ነው።

ብርቱካናማ ቅጠል ማግኘት ለሚፈልግ እኛም አገር አለ፤ ብሳና ሥር መፈለግ ነው። የብሳና ቅጠል ሲያረጅ ከመርገፉ በፊት ብርቱካናማ ይሆናል፤ ያውም ሌላው ቅጠል አረንጓዴ ሆኖ ሳለ። ባሕር ዛፍ ደግሞ ሌላ ጨዋታ አለው፦ ነጭ ባሕር ዛፍ ሲቆረጥ ከጉቶው የሚያቆጠቁጠው ለጋ ቅጠል ክብ ቢጤና ግራጫ ሰማያዊ ነው፤ ያደገው ዛፍ ላይ ያለው ግን ረጅምና እንደ ማጭድ የጎበጠ ነው። ሁለቱን አምጥታችሁ «ከአንድ ዛፍ ናቸው ወይስ ከሁለት?» ብላችሁ ጠይቁ።

በቅጠል ማተም ስትሠሩ ቅጠሉ የተለቀመበት ዕለት መሆን አለበት፤ የደረቀ ይሰባበራል። ጅማቱ ጎላ ያለበት ጀርባው ወደ ላይ ሆኖ ወረቀት ይደረብበታል፤ ከለሩ ልባሱ ተልጦ በጎኑ ይታሻል። ልጆች በጫፉ ስለሚያሹ ወረቀቱ ይቀደዳል፤ ምስሉም አይወጣም። ከለር ከሌለ እርሳስ በጎኑ ጥሩ ያወጣል፤ ጠመኔ ግን አይሆንም።

የአየር ሁኔታ ሠንጠረዥ

ይህ በየማለዳው ሦስት ደቂቃ ብቻ የሚወስድ ነው። ለእያንዳንዱ ወር 30 ሳጥን ያለው ወረቀት ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፤ ከጳጉሜን በቀር የእኛ ወር ሁሉ እኩል 30 መሆኑ ለቆጠራ ትልቅ ምቾት ነው፤ አምስት በስድስት ሆኖ ይሰመራል። ተረኛው ልጅ ወጥቶ አይቶ ፀሐይ፣ ደመና ወይም ዝናብ ይሥላል። የቅዳሜና እሑዱ ሳጥን ባዶ እንዳይቀር ሰኞ ጠዋት ልጆቹ ተጠይቀው ይሞላል። በወሩ መጨረሻ የዝናቡ ቀን ይቆጠራል። ከመስከረም ወደ ኅዳር ቁጥሩ እያነሰ ሲሄድ ክረምት «ወጣ» የሚባለው ምን እንደሆነ ያያሉ።

አንድ ማሳሰቢያ፦ ቦረና ወይም ሶማሌ ክልል የምታስተምሩ ከሆነ ሠንጠረዡ የሚነግራችሁ ሌላ ነው፤ እዚያ አጭሩ ዝናብ የሚጥለው በዚሁ ከመስከረም እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ ነው። መጽሐፉ ያለውን ሳይሆን ሠንጠረዡ ያሳየውን አስተምሩ።

ጥቅምት ውስጥ አንድ የጠራ ማለዳ ምረጡና ልጆቹ ሣሩን በእጃቸው ይዳብሱት። ሠንጠረዡ ላይ ዝናብ የለም፤ ሣሩ ግን ርሷል። ከየት መጣ? መልሱን ወዲያው አትስጡ። በብርጭቆ ውስጥ ከማቀዝቀዣ የወጣ ቀዝቃዛ ውሃ ካገኛችሁ፣ ብርጭቆውን ከውጭ በደንብ አድርቃችሁ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡ፤ አየሩ በጣም ደረቅ ካልሆነ ላብ የመሰለ ውሃ ከውጭ ይይዛል። በኅዳር መጨረሻ አየሩ ስለሚደርቅ ይህ ሙከራ ብዙ ጊዜ አይሳካም፤ በጥቅምት ጨርሱት።

እህል፦ መለየት፣ መቁጠር፣ ማብቀል

ከሁሉም ብዙ የምንሠራበት ይህ ነው። ወጪውም ትንሽ ነው፦ ሽምብራ፣ ባቄላ፣ ቦሎቄ፣ በቆሎና ስንዴ ከእያንዳንዱ ግማሽ ኪሎ ለአንድ ክፍል ለዓመቱ ይበቃል። ከወላጅ እፍኝ እፍኝ ማስመጣትም ይቻላል፤ ነገር ግን ቀለም የተቀባ ዘር እንዳይመጣ በግልጽ ንገሩ። ለመዝራት የተዘጋጀ ምርጥ ዘር ብዙ ጊዜ የተባይ መድኃኒት ተቀብቶ ሮዝ ወይም ቀይ መልክ ይኖረዋል፤ ልጅ እጅ መግባት የለበትም።

ለእያንዳንዱ ቡድን በአንድ ሰሐን 20 ሽምብራ፣ 20 በቆሎ፣ 20 ስንዴ፣ 10 ባቄላና 10 ቦሎቄ ደባልቃችሁ ስጡ። መጀመሪያ «ለዩት» ብቻ በሉ፤ በምን እንደሚለዩት አትንገሩ። አንዱ ቡድን በቀለም፣ ሌላው በመጠን፣ ሌላው «ቆሎ የሚሆንና የማይሆን» ብሎ ይለያል። ሦስቱም ልክ ናቸው። ከዚያ የውሃ ጠርሙስ ክዳንና ተጨማሪ ሽምብራ ስጡና ሽምብራውን አሥር አሥር አድርገው ያስገቡ፤ አሥሮችና አንዶች የሚማሩት እዚህ ነው። 34 ለማለት ሦስት ሙሉ ክዳንና አራት ልቅ ሽምብራ። በባቄላ አትሞክሩት፤ ለክዳኑ ይተልቃል፤ አሥር ሳይሞላ ይፈስና ልጁ ክዳን የሞላ ሁሉ አሥር ይመስለዋል። ስንዴ ደግሞ አሥሩ ገብቶም ክዳኑ ባዶ ይመስላል። ይህን ልዩነት በኋላ፣ ቆጠራው ከገባቸው ወዲያ፣ ራሱን የቻለ ትምህርት ልታደርጉት ትችላላችሁ፦ አንድ ብርጭቆ ሽምብራና አንድ ብርጭቆ ስንዴ፣ የትኛው ፍሬው ይበዛል?

ጤፍን ለብቻው አቅርቡት። አንድ የስንዴ ፍሬ ወደ 150 የጤፍ ፍሬ ይመዝናል። ልጅ 150 ጤፍ መቁጠር አይችልም፤ አሥር ጤፍ በእርጥብ ጣት አንስቶ ማጣበቂያ በተቀባ ጥቁር ወረቀት ላይ መደርደር ግን ይችላል። በነጭ ወረቀት ላይ ነጭ ጤፍ አይታይምና ወረቀቱ ጥቁር ይሁን። ማጣበቂያው በቤት ይሠራል፦ ሦስት የሾርባ ማንኪያ የስንዴ ዱቄት በትንሽ ቀዝቃዛ ውሃ ተበጥብጦ፣ አንድ ብርጭቆ የፈላ ውሃ ውስጥ እየተማሰለ ሁለት ሦስት ደቂቃ ማንተክተክ። ዱቄቱ በቀጥታ ሙቅ ውሃ ውስጥ ከገባ ይጓጉላል። ከሁለት ቀን በላይ ካደረ ይኮመጥጣል፤ ልክ ለዕለቱ የሚበቃውን ሥሩ።

የእህል ትምህርት ትልቁ አደጋ አፍንጫና ጆሮ ነው። አተርና ምስር ለትንንሾቹ ባንሰጥ እንመርጣለን። የገባ እንደሆነ በጣት ወይም በወረንጦ ለማውጣት መሞከር ወደ ውስጥ ይገፋዋል፤ ውሃ መጨመር ደግሞ ጥራጥሬውን ያሳብጠዋል። ልጁን አረጋግቶ በአፉ እንዲተነፍስ ማድረግና ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ነው። ቆጥሮ መስጠት ቆጥሮ ለመቀበልም ይረዳል፦ 20 የሰጣችሁት 19 ሆኖ ቢመለስ ትጠይቃላችሁ።

ወደ ማብቀሉ ስንሄድ፣ የግማሽ ሊትር ላስቲክ ጠርሙስ አንገቱ ይቆረጣል፤ ውስጡ በሶፍት ወይም በጋዜጣ ይለበሳል፤ አራት ቦሎቄ በጠርሙሱ ግድግዳና በወረቀቱ መካከል ከውጭ እንዲታዩ ተደርገው ይሰካሉ። ታች አንድ ጣት ያህል ውሃ ይደረጋል፤ ወረቀቱ ራሱ ወደ ላይ ይስበዋል። ዘሩ ውሃው ውስጥ መግባት የለበትም፤ ውሃ ውስጥ የተቀመጠ ዘር አየር አጥቶ ይበሰብሳል። የአብዛኞቹ ክፍሎች ሙከራ የሚከሽፈው ልጆች በየዕረፍቱ ውሃ ስለሚጨምሩ ነው። ለአንድ ጠርሙስ አንድ ተረኛ፣ በቀን አንድ ጊዜ፣ ወረቀቱን ነክቶ ደረቅ ከሆነ ብቻ።

ዘሩን እሑድ ማታ ዘፍዝፋችሁ ሰኞ ሰክታችሁ ጀምሩ። ሥሩ ሐሙስ ወይም ዓርብ ይወጣል፤ ደጋ ላይ ሌሊቱ ከቀዘቀዘ አንድ ሁለት ቀን ይጨምራል። ዓርብ የተጀመረ ሙከራ ቅዳሜና እሑድ ደርቆ ይጠብቃችኋል። ቀዳዳ ያለው ዘር ነቀዝ የበላው ነው፤ አይበቅልም። ክክም አይበቅልም፤ ነገር ግን አንድ ክክ፣ አንድ የቆሎ ሽምብራና አንድ ጥሬ ሽምብራ በሦስት ጠርሙስ ማድረግ ከሙከራዎቹ ሁሉ ደስ የሚለው ነው። ልጆቹ የትኛው እንደሚበቅል ቀድመው እጅ አውጥተው ይገምቱ፤ ግምቱ ሰሌዳ ላይ ተጽፎ ይቆይ።

ቦሎቄና ባቄላ ጎን ለጎን ከተተከሉ አንድ ልዩነት ይታያል፦ ቦሎቄ ሁለቱን ክኮች ተሸክሞ ወደ ላይ ይወጣል፤ ባቄላ ክኩን ታች ትቶ ቅጠሉን ብቻ ይልካል፤ የሚዘገየውም ባቄላው ነው።

ብዙ መምህር «ዘር ለመብቀል አፈር፣ ውሃና የፀሐይ ብርሃን ያስፈልገዋል» እያለ ያስጠናል። አብዛኛው ዘር ለመብቀል ብርሃን አይፈልግም፤ በጠርሙሱም እንዳየነው አፈርም የግድ አይደለም። አንዱን ጠርሙስ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፉበት፤ ይበቅላል፤ ግን ቀጭን፣ ረጅምና ነጣ ያለ ቢጫ ይሆናል። ብርሃን የሚያስፈልገው ከበቀለ በኋላ ነው። ልጆቹ ማስረጃውን ከቤት ያውቁታል፦ ብቅል የሚዘጋጀው ገብስ ተዘፍዝፎ፣ ተሸፍኖ፣ ጨለማ ውስጥ ነው። አንዲት እናት ወይም አያት ጠርታችሁ ስለ ብቅል አሥር ደቂቃ እንዲያስረዱ አድርጉ፤ ልጆቹ ከእኛ ይልቅ እሳቸውን ያምናሉ።

ጥላ

አንድ ሜትር ቀጥ ያለ እንጨት ደልዳላ ቦታ ላይ ይተከል። መዘንበሉን ለማወቅ በክር ድንጋይ አንጠልጥሎ ከጎኑ መያዝ ነው። በአንድ ቀን ውስጥ በሦስት ሰዓት፣ በአራት ሰዓት ተኩልና በስድስት ሰዓት ከሩብ የጥላው ጫፍ ላይ ድንጋይ ይቀመጥ። ሦስት ሰዓት ላይ ጥላው ከእንጨቱ ይረዝማል፤ ስድስት ሰዓት ላይ በጣም ያጥራል። ለአንደኛ ክፍል ከእንጨት ይልቅ የራሳቸው ጥላ ይሻላል፦ ሁለት ሁለት ሆነው አንዱ ይቆማል፣ ሌላው የእግሩንና የጥላውን ዳር በጠመኔ ይከባል። የእግሩ ምልክት ካልተሠራ ሁለተኛው ልኬት ዋጋ የለውም። ፀሐይን ቀና ብሎ ማየት ክልክል መሆኑ ከመውጣታቸው በፊት ይነገር።

የመፀው ጥላ ግን የአንድ ቀን ሳይሆን የሦስት ወር ሥራ ነው። አዲስ አበባ ላይ ጥላው በጣም የሚያጥረው በዚህ ወቅት ከቀኑ 6:10 እስከ 6:25 ባለው ጊዜ ነው። የአንድ ሜትር እንጨት ጥላ በዚያ ሰዓት መስከረም 30 ወደ 28 ሴንቲሜትር፣ ኅዳር 1 ወደ 49፣ ታኅሣሥ 12 ወደ 63 ይደርሳል፤ ሁሌም ወደ ሰሜን ይወድቃል። ፀሐይዋ እያደር ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል ነው። ታኅሣሥ 12 ላይ ሐዋሳ ወደ 59፣ ባሕር ዳር ወደ 70፣ መቀሌ ወደ 75 ሴንቲሜትር ይሆናል። ሌላ ከተማ የምታስተምር ጓደኛ ካላችሁ በአንድ ቀን ለክታችሁ በስልክ ፎቶ ተለዋወጡ። ልጆቹ በሴንቲሜትር መለካት ገና ካልቻሉ በየወሩ የጥላውን ልክ ሲባጎ ቆርጣችሁ ከነቀኑ ግድግዳ ላይ ስቀሉ፤ ሦስቱ ሲባጎዎች ጎን ለጎን ሲሰቀሉ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልግም። ቁጥራችሁ ከዚህ ብዙ ከራቀ እንጨቱ ዘምሟል፣ መሬቱ ተዳፋት ነው፣ ወይም የሚለካው ከመሬት በላይ ያለው ቁመት ሳይሆን ተቀብሮ ያለው ጭምር ታስቦ ነው። አንድ ሜትሩ የሚቆጠረው ከመሬት በላይ ነው።

ነዶ ክፍል ውስጥ

እርሻ ቅርብ ላለ ትምህርት ቤት አጨዳ ማሳየት ጥሩ ነው፤ ነገር ግን 50 ልጅ ማጭድ ባለበት ማሳ ላይ ማሰማራት አይገባም። ነዶውን ወደ ክፍል አምጡት፦ አንድ ክንድ የስንዴ ወይም የጤፍ ነዶ። ሸራ ዘርግታችሁ ልጆቹ አንድ የስንዴ ዛላ በመዳፋቸው አሽተው፣ እፍ ብለው፣ ፍሬውን ከገለባው ይለዩ። ከአንድ ዛላ ስንት ፍሬ ወጣ? አንድ ፍሬ ተዘርቶ ይህን ያህል ሰጠ ማለት ነው። የገብስ ጢም ዓይንና ጉሮሮ ይቧጥጣል፤ ለዚህ ሥራ ጢም አልባ ስንዴ ምረጡ። አቧራው ሳል የሚያስነሳባቸው ልጆች ካሉ በር አካባቢ ይቀመጡ።

የቋንቋው ትምህርት ከዚሁ ይወጣል። አጨዳ፣ ነዶ፣ ክምር፣ አውድማ፣ ውቂያ፣ ገለባ፣ ምርት፣ ጎተራ፦ ስምንቱን ቃላት በካርቶን ጽፋችሁ በሥራው ቅደም ተከተል ልጆቹ ይደርድሯቸው። ከተማ ያደጉት ልጆች አውድማን አያውቁትም፤ ገጠር ያደጉት በዚያች ዕለት መምህር ይሆናሉ። ለመጻፍ ገና ያልደፈረ ልጅ ስለ ነዶ ተናግሮ እናንተ ጻፉለት፤ የራሱን ቃል መልሶ ሲያነብ ፊደሉ ይያዘዋል።

በውጭ አገር ቅዳሜና እሑድ አማርኛ የምታስተምሩ ደግሞ ሁለቱን መፀው ማነጻጸር ትችላላችሁ። ዋሽንግተን አካባቢ ያለ ልጅ ቅጠሉ ሲረግፍ ያያል፤ አያቱ አገር በዚያው ሳምንት እህል ቢጫ እየሆነ ነው። ታኅሣሥ 12 እኩለ ቀን ላይ የአንድ ሜትር እንጨት ጥላ ዋሽንግተን ላይ ወደ 190 ሴንቲሜትር ይደርሳል፤ ከአዲስ አበባው ሦስት እጥፍ። ሁለቱን ሲባጎ መሬት ላይ ዘርግቶ «የትኛው አገር ፀሐይዋ ከፍ ብላለች?» ማለት አማርኛውንም ሳይንሱንም አንድ ላይ ያስኬዳል።

የሚቀጥለው ዓመት አደይ የሚገኘው ዘንድሮ ከተሰበሰበ ነው። ጥቅምት መጨረሻ ላይ አበባው የነበረበት ራስ ሲደርቅ ጠቆር ያለ ጠፍጣፋ ዘር ይይዛል። ዝናብ በሌለበት ቀን በእጅ ፈትጋችሁ በወረቀት ፖስታ አስቀምጡ፤ በላስቲክ ከረጢት ከሆነ እርጥበት ይዞ ይሻግታል። ፖስታው ላይ የተሰበሰበበትን ቀን ልጆቹ ይጻፉ። ሰኔ ላይ ዝናቡ ሲይዝ፣ ትምህርት ሳይዘጋ፣ ከክፍሉ መስኮት ሥር አፈሩን ጫር ጫር አድርጎ መበተንና በስሱ ማልበስ ነው።